ሳትከፍቱ አትክፈሉ፦ የአሜሪካ የኪስ ሰዓት ስሰበስብ የተማርኩት

የመጀመሪያው የኪስ ሰዓቴ ጀርባው ላይ ባቡር ተቀርጾበት ነበር። ጭሱ ወደ ኋላ የሚተኛ፣ ጎማዎቹ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ባቡር። አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠርቶ ነው ያሳደገን። ያንን ሥዕል ሳይ ሌላ ነገር አልታየኝም። ሻጩም «ይሄ የባቡር ሠራተኛ ሰዓት ነው» አለኝ። 140 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት። ሜሪላንድ ውስጥ እሁድ እሁድ የሚዘረጋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ነበር።

ቤት ገብቼ ጀርባውን ከፈትኩት። ማሽኑ ላይ ያለውን ሴሪያል ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ኤልጂን የሚባል የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ነው፣ 7 ጁወል። በዘመኑ ለማንም ሰው ይሸጥ የነበረ ተራ ሰዓት። ጁወል የሚሉት ጥርሶቹ የሚዞሩበት ቀጭን ዘንግ የሚያርፍበትን ትንሽ ቀይ ድንጋይ ነው። ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋቅ ይጠብቃል። የባቡር ሰዓት ለመባል ቢያንስ 17 ያስፈልጋል። ሥዕሉን አይቼ፣ ማሽኑን ሳላይ ከፍያለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ 11 ዓመት ሆነኝ። አሁን ሠላሳ ገደማ ሰዓትና አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ የሰዓት ማስታወቂያ አለኝ። እዚህ ዲሲ አካባቢ ያሉ ልጆች ኢስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ ተጠራርጎ የሚሸጥበት) ላይ እንዲህ ያለ ሰዓት ሲያገኙ ፎቶ ይልኩልኛል። ጥያቄያቸው ብዙም አይለያይም። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከባቡሩ ልጀምር። በ1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን የምትባል ቦታ ላይ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ስምንት ሰው ሞተ። ሲተረክ የኖረው ምክንያት የአንድ ሠራተኛ ሰዓት ለአራት ደቂቃ ያህል ቆሞ፣ ማንም ሳያውቅ እንደገና መሥራቱ ነው። ሐዲዱ አንድ በሆነበት ቦታ አንዱ ባቡር ለሌላው መንገድ የሚለቀው ሰዓቱን አይቶ ነው። ከአደጋው በኋላ ዌብ ቦል የተባለ የክሊቭላንድ ጌጣጌጥ ነጋዴ የሰዓት ቁጥጥር ሥርዓት እንዲዘረጋ ተጠራ። ደንቡ እየጠበቀ ሄደ። የማሽኑ መጠን 16 ወይም 18 (የአሜሪካ ሰዓቶች የመጠን ቁጥር ነው)፣ ፊቱ ክዳን የሌለው፣ ቁጥሮቹ ጎላ ያሉ፣ በአምስት ዓይነት አቀማመጥ ተፈትኖ የተስተካከለ፣ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ የማይዛነፍ። ሰዓቱን የሚገዛው ሠራተኛው ራሱ ነው፣ ከገዛ ደሞዙ። ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ ለተመደበ ሰዓት ሠሪ እያሳየ በካርድ ላይ ያስመዘግባል። ይቺን ካርድ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የነዚያ ሰዎች ሰዓት ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ልሙጥ ነው። የዕለት ተዕለት የሥራ ዕቃ ነዋ። ባቡር የተቀረጸበት ቀፎ ግን ለፈለገው ሁሉ ይሸጥ ነበር።

ቀፎ ስል ሰዓቱ የተቀመጠበትን ቤት ማለቴ ነው። አዲስ ሰው መጀመሪያ ሊገባው የሚገባ ነገር እዚህ ጋ አለ። ዋልታም፣ ኤልጂን፣ ሃሚልተን፣ ኢሊኖይ የሚባሉት ፋብሪካዎች በዚያ ዘመን ባብዛኛው የሚሠሩት ማሽኑን ነበር። ቀፎውን የሚሠሩት እንደ ኪስቶን ያሉ ሌሎች ፋብሪካዎች ናቸው። ገዢው ሱቅ ይገባል፣ ማሽን ይመርጣል፣ ከዚያ አቅሙ የፈቀደለትን ቀፎ ይመርጣል፣ ነጋዴው እዚያው ይገጥምለታል። ለዚህ ነው አንድ ሰዓት ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር የምታገኙት። ስለ ሰዓቱ የሚናገረው የማሽኑ ቁጥር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ኢስቴት ሴል ላይ ሆኖ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን ፈለግኩት፣ የ1874 ነው ይላል። ሰውዬው 600 ዶላር ነው የሚለኝ።»

«ቁጥሩን ከየት አነበብከው?»

«ከክዳኑ ውስጥ።»

«ማሽኑን አስከፍትና ከሱ ላይ አንብብልኝ።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ ደወለ። የማሽኑ ቁጥር 1919 አካባቢ ላይ አረፈ። ሻጩ ሆን ብሎ ላይሆን ይችላል። ብዙ ነጋዴ ያየውን የመጀመሪያ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ልጁም ሳይከፍል ወጣ።

«መቶ ዓመት ያለፈው ስለሆነ ብርቅ ነው» የሚባለውንም አትስሙ። ኤልጂን ብቻውን በዕድሜው 60 ሚሊዮን ገደማ ሰዓት ሠርቷል። ዋልታምም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያወጣም። ዋጋ የሚያወጣው የማሽኑ ደረጃ፣ ያለበት ሁኔታና ከራሱ ቀፎና ፊት ጋር መቆየቱ ነው።

እሺ፣ እንዴት ይከፈታል? በመጀመሪያ ራሳችሁ አትክፈቱት፣ ሻጩን «ይክፈቱልኝ» በሉት። አልከፍትም ካለ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ ሂዱ። የራሳችሁ ሲሆን ጠርዙን በደንብ እዩት። ማጠፊያ ካለው በሌላኛው በኩል ጥፍር የሚያስገባ ከንፈር ፈልጉ። ማጠፊያም ከንፈርም ከሌለው ጀርባው ተጠምዝዞ የሚወጣ ሊሆን ይችላል፣ በመዳፋችሁ ጫን ብላችሁ ወደ ግራ አዙሩት። ጀርባው ጭራሽ አንድ ወጥ ከሆነ ደግሞ የሚፈታው የፊት መስታወቱ ነው፤ መሙያው ወደ ላይ ሳብ ሲል ማሽኑ በማጠፊያ ወደ ፊት ይወጣል። ቢላዋና ካቻቢቴ አጠገቡ አይድረሱ። አንድ ጊዜ ሸርተት ቢል ማሽኑ ላይ የሚተወው ጭረት ለዘላለም ነው።

ከተከፈተ በኋላ እኔ ቀድሜ የማየው የብሎኖቹን አናት ነው። ጥሩ ሰዓት ሠሪ የነካው ማሽን ብሎኖቹ ጠርዛቸው ንጹሕ ነው። የተፋፋቁ ከሆነ ያልሠለጠነ እጅ ገብቶበታል። ቀጥሎ ዝገት፣ በተለይ መሙያው በሚገባበት በኩል፣ ላብና እርጥበት የሚገቡት በዚያ ነውና። ከዚያ ማሽኑን ከቀፎው ጋር የያዙትን ሁለት ብሎኖች አያለሁ። የብሎኑ አናት ቀፎው ላይ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ አንድ ቦታ፣ ብሎኑ ሌላ ቦታ ከሆነ፣ ያ ቀፎ በፊት ሌላ ማሽን ይዞ ነበር። ይሄ ሰዓቱን ከንቱ አያደርገውም። ዋጋው ግን መቀነስ አለበት፣ እናንተም ማወቅ አለባችሁ።

ሁለት ሦስት ዙር ሙሉትና ጆሯችሁ ላይ አድርጉት። በአንድ በኩል ሲተኛ እየሠራ ሲገለበጥ የሚቆም ከሆነ፣ እየተወዛወዘ የሚሄደው ጎማ ዘንግ ጫፉ ሳይሰበር አይቀርም። ወድቆ ያውቃል ማለት ነው። ይጠገናል፣ ግን ከሰዓቱ ዋጋ በላይ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

ጭራሽ የማይሠራ ከሆነ ሻጩ ምን እንደሚላችሁ ልንገራችሁ፦ «ከልክ በላይ ተሞልቶ ነው የቆመው።» ይሄንን ከስንት ሰው እንደሰማሁ። ሰዓት ከልክ በላይ ተሞልቶ አይቆምም። ሞላው ሙሉ ሆኖ ካልሄደ ሌላ የያዘው ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ የያዘው የድሮ ዘይት ነው። ዘይቱ በዓመታት ብዛት ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። ስለዚህ የሚሠራ ሰዓትም ብትገዙ ሳይጠረግ በየቀኑ አታሠሩት። ደረቅ ዘንግ ሲዞር ቀዳዳውን እየበላ ነው። እኔ ጥሩ የሆኑትን ብቻ መርጬ አስጠርጋለሁ፣ ለአንዱ እስከ 180 ዶላር ከፍያለሁ። ይሄንን ወጪ ከመግዛታችሁ በፊት ደምሩት።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። ሦስተኛ ሰዓቴ ሃሚልተን 992 ነበር። ሃሚልተን ፔንሲልቬንያ ውስጥ ላንካስተር ከተማ በ1892 የተቋቋመ ኩባንያ ነው፣ 992ን ደግሞ ባለ 21 ጁወል የባቡር ሰዓት ሲባል መጀመሪያ ስሟ የሚነሳ በሉት። ሰዓቱን ላስተካክል ብዬ መሙያውን ወደ ላይ ሳብኩት። እምቢ አለ። ጠንከር አድርጌ ሳብኩት። ቀጭ አለ።

ያላወቅኩት ነገር፣ የባቡር ሰዓት በመሙያው ተስቦ እንዳይስተካከል ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። ከኪስ ሲወጣ በስህተት እንዳይዛባ። የሚስተካከለው እንዲህ ነው። የፊት መስታወቱን ከነቀለበቱ ጠምዝዛችሁ ታወጣላችሁ። ፊቱ ጠርዝ ላይ፣ ቁጥር 1 ወይም 2 አካባቢ፣ ቀጭን የብረት ምላስ አለች። እሷን በጥፍራችሁ ወደ ውጭ ትስባላችሁ፣ መሙያውን እያዞራችሁ ቆጣሪዎቹን ታስተካክላላችሁ፣ ምላሷን መልሳችሁ ትገፋላችሁ። በጥፍር ነው ያልኩት፣ በብረት አይደለም። ፊቱ ብረት ላይ የተጋገረ ኢናሜል ስለሆነ እንደ ሸክላ ሳህን ይላጣል። የተላጠ ፊት ካያችሁ ብዙ ጊዜ እዚያች ምላስ አጠገብ ነው የምታዩት። እምቢ ያላችሁን ነገር አትጎትቱት፣ በቃ።

ወርቅን በተመለከተ አጭር ነገር ነው የምለው። ክዳኑ ውስጥ «20 ዓመት ዋስትና» ወይም «25 ዓመት» የሚል ካያችሁ ሙሉ ወርቅ አይደለም። ጎልድ ፊልድ ይባላል፣ ነሐስ በሁለት የወርቅ ንጣፍ መሃል የተጨመቀበት። ጄምስ ቦስ የሚባል ሰው በ1859 ነው የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣበት። ዓመቱ ወርቁ ሳይፋቅ ይቆያል የተባለበት ጊዜ ነው። ማንጠልጠያ ቀለበቱንና ጠርዙን በማጉያ እዩት፣ ነሐሱ ብቅ ብሎ ይታያል። «ሲልቨሮይድ» የሚል ቀፎ ደግሞ ብር የሚባል የለበትም።

ሙሉ ወርቅ የሆኑት ግን እያለቁ ነው። የወርቅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ማሽኑን አውጥተው ቀፎውን ለማቅለጫ ይሸጡታል። ቆራሌው አሮጌ ብረት ሲመዝን እንደሚያየው ነው የሚያዩት። ገበያ ላይ ቀፎ የሌላቸው ማሽኖች በፕላስቲክ ከረጢት ታጭቀው አያለሁ፣ ምን ቀፎ ውስጥ እንደነበሩ ማንም አያውቅም። ስለዚህ የቤተሰብ የሆነ የወርቅ ሰዓት እጃችሁ ከገባ፣ እባካችሁ፣ በግራም አታስመዝኑት።

ቀፎ ውስጥ ደግሞ የማይጠረግ ነገር አለ። ክዳኑን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ በማጉያ ብታዩ፣ በመርፌ የተጫሩ ጥቃቅን ቁጥሮችና ፊደሎች ታገኛላችሁ። ሰዓት ሠሪዎች በጠገኑት ቁጥር የጫሩት ምልክት ነው። አንዱ የኔ ዋልታም ላይ አምስት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ አለ። አንዱ ፊደሉን ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ ሌላው ቀጥ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ሰዓቱ የት የት እንደዞረ የቀረው ማስረጃ ያ ብቻ ነው። ላብልጨው ብላችሁ አትፈግፍጉት።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ሰዓት መሰብሰብ አቅም ይጠይቃል፣ ማስታወቂያው ግን በጥቂት ዶላር ይጀመራል። ከድሮ መጽሔት የተቆረጠ የሃሚልተን ማስታወቂያ ከምሳ ባነሰ ዋጋ ገዝቻለሁ። የባቡር ነጂዎችና ተቆጣጣሪዎች ሰዓታቸውን ይዘው የሚታዩባቸው ናቸው፣ ሃሚልተን ራሱን «የአሜሪካ የባቡር ሰዓት» እያለ ነበር የሚሸጠው። ኢንገርሶል የሚባለው ደግሞ ከ1896 ጀምሮ በአንድ ዶላር ሰዓት ሸጦ «ዶላርን ዝነኛ ያደረገች ሰዓት» እያለ ያስተዋውቅ ነበር። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ጌጣጌጥ ቤቶች ባለቀለም ትንንሽ ካርዶች ለደንበኛ ያድሉ ነበር። ፊቱ ላይ ሥዕል፣ ጀርባው ላይ የሱቁ ስምና አድራሻ።

የነዚህ ካርዶች ቅጂ ገበያውን ሞልቶታል። መለያው ማጉያችሁ ነው። የ1880ዎቹ ሕትመት ቀለሙ በማጉያ ሲታይ ነጠብጣቡ የተበታተነ፣ በእጅ የተዘራ ይመስላል። የዘመኑ ቅጂ ነጥቦቹ እንደ ሰልፈኛ ወታደር እኩል እኩል ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ጊዜ ካያችሁት አትረሱትም። እውነተኛውን ካገኛችሁ ደግሞ ላሚኔት አታስደርጉት፣ ፕላስተር አትለጥፉበት፣ ፀሐይ የሚነካው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። እኔ ለፎቶግራፍ ማስቀመጫ በተሠራ የፖሊስተር ከረጢት ውስጥ ነው የማኖረው።

ትልቁ ዕቃ የሱቅ ምልክቱ ነው። ሰዓት ሠሪዎች በር ላይ ይሰቅሉት የነበረ፣ የኪስ ሰዓት ቅርጽ ያለው፣ ከዚንክ ወይም ከብረት የተሠራ። ቆጣሪዎቹ የማይንቀሳቀሱ ሥዕል ናቸው፤ ብዙዎቹ ላይ 8:18 ገደማ ያሳያሉ፣ በኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ከ18። ነጋዴዎች «ሊንከን የሞተበት ሰዓት ነው» ይሏችኋል፣ ዋጋም ይጨምሩበታል። ሊንከን የተተኮሰበት ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው፣ ያረፈው ጠዋት 1 ሰዓት ከ22 ላይ። እንዲህ የተሳሉ ምልክቶችም እሱ ከመሞቱ በፊት ነበሩ። ቆጣሪዎቹ እንዲያ ሲዘረጉ መሃል ላይ ለሱቁ ስም ሰፊ ቦታ ይተርፋል፣ ለኔ አሳማኙ ይሄ ነው። ለታሪኩ ብላችሁ አትክፈሉ። አዲስ ተሠርተው ዝገት የተቀቡም ስላሉ፣ የብሎን ቀዳዳውንና ጀርባውን ሳታዩ አትግዙ።

ከካርዶቼ ሁሉ የምወደው የሃምፕደን ነው። ሃምፕደን ኦሃዮ ካንተን ከተማ የነበረ የሰዓት ፋብሪካ ነው። ከሠረ፣ በ1930 ማሽነሪውን በሙሉ ሶቪየት ኅብረት ገዛው። ከካንተን የሄዱ የቀድሞ ሠራተኞችም ሞስኮ ድረስ ሄደው አሠለጠኑ። የመጀመሪያው የሞስኮ ሰዓት ፋብሪካ የተጀመረው እንዲህ ነው፣ በኋላ ፖልዮት የሚባለውን ሰዓት የሠራው። ይሄንን ሳነብ ተነስቼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ሞስኮ ተምሮ ሲመለስ ለአባቴ ያመጣለት ሰዓት ፖልዮት ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ እጁ ላይ ነበር። አሁን ከሃምፕደኑ ካርድ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ረስቼ። በጨለማ እንዲያበሩ የተሠሩ የድሮ ሰዓት ፊቶች ቀለማቸው ራዲየም ሊሆን ይችላል። አሁን ባያበሩም ጨረሩ አለ። አትፈቅፍቁት፣ መስታወቱን አትክፈቱ፣ ልጆች እጅ አይግባ።

ላንካስተር አጠገብ ኮሎምቢያ በምትባል ትንሽ ከተማ የሰዓት ሰብሳቢዎች ብሔራዊ ማኅበር ሙዚየም አለው። ከሜሪላንድ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ሂዱና እዩ፣ ዓይናችሁ ጥሩውን ይልመድ።

አሁን ወደዚያች ካርድ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ሰዓት ስገዛ ሁሌ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «አብሮት የመጣ ወረቀት አለ?» ብዙ ጊዜ የለም ነው መልሱ። ባለፈው መስከረም ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሌላ 992 ሸጡልኝ፣ የባላቸው አባት የነበረ። ጥያቄውን ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና ወደ መኪናቸው ሄዱ። የጫማ ካርቶን ይዘው መጡ። የመብራት ደረሰኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት፣ ከሥር ደግሞ መታጠፊያው የሳሳ ካርድ። የሰዓቱ ቁጥር በቀለም ተጽፎበታል። ማሽኑን ከፍተን አብረን አነበብነው፣ አንድ ነው። እሳቸው ያቺን ካርድ ልጥላት ነበር አሉኝ። ለብቻዋ ከፈልኳቸው።

ካርዷ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ቀን አለ፣ ሰዓቱ የቀደመበት ወይም የዘገየበት ሰከንድ፣ የተቆጣጣሪው ፊርማ። የመጨረሻው መስመር ላይ «ቀደመ» በሚለው ሥር 6 ይላል። ሰዓቱን አስጠርጌ ለሁለት ሳምንት ከስልኬ ጋር አስተያየሁት። 9 ሰከንድ ቀደመ። ቀኑን፣ 9 ቁጥርንና ፊርማዬን በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌ ከካርዷ ጋር አስቀመጥኩት።